በዲኤስኤልአር ካሜራ ቪዲዮ ለመቅረጽ ሪግ ሲያሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ቪዲዮ በመቅረጽ የሚተዳደር ሰው ዓመቱን የሚያሳልፈው በሠርግ፣ በጥምቀትና የጣናን ገዳማት ለማየት በሚመጡ እንግዶች ዙሪያ ነው፤ ይህን ሁሉ የሚሠራበት መሣሪያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለፎቶግራፍ ተብሎ የተሠራ ዲኤስኤልአር ካሜራ ነው። የዚህ ዓይነት ካሜራዎች ቪዲዮ መቅረጽ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ በመጀመሪያ ኒኮን ዲ90፣ ጥቂት ቆይቶም ካኖን 5ዲ ማርክ 2 በዚያው ዓመት ወጡ። ምስላቸው የሚደነቅ ቢሆንም ቅርጻቸው ግን ለፎቶ አንሺ እጅ የተበጀ ነው፤ ዐይን ላይ ተጠግተው ለአፍታ እንዲያዙ እንጂ ሙሽራዋ ተመርቃ ከቤት እስክትወጣ ድረስ በተዘረጋ ክንድ እንዲቆዩ አልታሰቡም። ስለዚህ ካሜራውን ትከሻ ላይ የሚያሳርፍ፣ ማይክሮፎንና ስክሪን የሚሸከም፣ በተለምዶ ሪግ የምንለው ደጋፊ ያስፈልጋል። ከውጭ የሚገባው ዋጋው ስለማይቀመስ ብዙዎቻችን በያጅ ወይም አሉሚኒየም ሠራተኛ ዘንድ ሄደን እናሠራለን፤ እኔም እየሠራሁና እያፈረስኩ ዓመታት አልፈዋል። የማያቸው ስህተቶች የተለያዩ ቢመስሉም አብዛኞቹ የሚመጡት ሪግን እንደ ዕቃ መስቀያ ከማየት ነው። ሪግ የሚመዘነው ክብደቱን ከእጅ ላይ አንሥቶ ለሰውነት ባካፈለበት መጠን ነው።

ከፎቶ ላይ ተነሥቶ ማሠራት

የመጀመሪያው ስህተት የሚፈጸመው ብረቱ ከመቆረጡ በፊት ነው። የሚያሠራው ሰው የሲኒማ ካሜራ የተሸከመ ባለሙያ ፎቶ በስልኩ ይዞ ይሄድና «ልክ እንደዚህ አድርግልኝ» ይላል። በፎቶው ላይ ያለው ሰው ግን ረዳት አለው፤ በጥምቀት ሕዝብ መካከል ወደ ኋላ እየተራመደም አይቀርጽም። በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ሪጉ የት እንደሚውል ነው። በጥምቀት ሰልፍ ውስጥ አጭርና ጠባብ መሆን አለበት፤ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በዘጌ የቡና ጫካ ውስጥ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ደግሞ ተፈታትቶ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ መሆን ይኖርበታል። ለአዳራሽ ንግግርማ ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ፣ ትራይፖድ፣ ይበቃል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ስህተት አለ። የሚያሠራው ሰው ካሜራውን ፎቶ እንደሚያነሣበት አድርጎ ከዐይኑ ሥር ያስቀምጠዋል። ዲኤስኤልአር ካሜራ ቪዲዮ ሲቀርጽ ግን ውስጡ ያለው መስታወት ወደ ላይ ስለሚታጠፍ የዐይን መመልከቻው ይጨልማል፤ የሚታየው ከጀርባ ባለው ስክሪን ላይ ብቻ ነው። የሰው ዐይን ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ስክሪን አጥርቶ ሊያይ አይችልም። ስለዚህ ካሜራው ከፊት ቢያንስ አንድ ስንዝር ተኩል መራቅ አለበት፤ አለዚያም ስክሪኑ ላይ የሚገጠም ማጉያ ወይም ለብቻው የሚቀመጥ ተጨማሪ ስክሪን ሊታሰብ ይገባል። ይህን ርቀት መጀመሪያ ሳይለኩ የሚሠሩት ሪግ በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ይቆረጣል፤ የእኔ የመጀመሪያው ተቆርጧል።

የማይገባውን ብሎን በግድ ማስገባት

በካሜራው ሆድ ላይ ያለው የትራይፖድ ቀዳዳ በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት ነው፤ ውፍረቱ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአንድ ኢንች ርዝመት 20 ጥርስ አለው። በዕቃ መሸጫ ሱቆች በቀላሉ የሚገኘው ግን በሚሊ ሜትር የሚለካው ኤም 6 የሚባለው ብሎን ነው። ሁለቱ በዐይን ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። ኤም 6 ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የካሜራው ግን 1.27 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሁለት ዙር ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል፤ የሚያጠብቀው ሰው «ያዘልኝ» ብሎ በቁልፍ ይጨምርበታል፤ የሚጠብቀው ግን የካሜራው ጥርስ እየተበላ ስለሆነ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በጥር ወር፣ በሠርግ ዋዜማ፣ ከባልደረባዬ በተዋስኩት ካሜራ ላይ ነው። በማግሥቱ ካሜራውን በሪጉ ላይ በጎማ አስሬ ዋልኩ፤ ባልደረባዬም ለረጅም ጊዜ ምንም ነገር አላዋሰኝም፤ እውነቱን ነበር።

ሩብ ኢንች የሆነ ብሎን ማግኘትም በራሱ አይበቃም፤ በዚሁ ውፍረት በአንድ ኢንች 28 ጥርስ ያለው ረቂቅ ዓይነትም አለና። ሱቅ ውስጥ ብሎኑን በማስመሪያ አጠገብ ይዞ በ25.4 ሚሊ ሜትር ውስጥ ያለውን ጥርስ መቁጠር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ግን ከተሰበረ ትራይፖድ ሳህን፣ ማለትም ካሜራው ከሚታሰርበት ጠፍጣፋ ክፍል፣ ላይ ብሎኑን ፈትቶ መጠቀም ነው። ርዝመቱም እንዲሁ መታየት አለበት፤ ከሳህኑ በላይ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ብቅ ያለ ብሎን የቀዳዳውን መጨረሻ ሊገፋና የካሜራውን ሆድ ሊጎዳ ይችላል። ረጅም ከሆነ ሮንዴላ መደረብ ወይም በሞረድ ማሳጠር ይቻላል።

ብረት ማብዛት

በያጅ የሚያውቀው ቱቦላሬ ነው፤ በርና አጥር ሲሠራበት የኖረውን ብረት ለሪግም ያነሣዋል። ጎኑ 25 በ25 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ በሜትር 1.1 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ተራ የትከሻ ሪግ ከአንድ ሜትር ተኩል ያላነሰ ቱቦ ስለሚፈጅ፣ ካሜራው ገና ሳይጫን ከ1.6 ኪሎ ግራም በላይ ትከሻ ላይ አረፈ ማለት ነው። በተመሳሳይ መጠን የተቆረጠ አሉሚኒየም የዚህን ሲሶ ያህል ብቻ ይመዝናል። የሠራሁትን ሁለተኛ ሪግ ለማጠናከር ወደ አንድ አዛውንት በያጅ ወስጄ ሳሳያቸው በአንድ እጃቸው አንሥተው መዘኑና «ልጄ፣ ይህ ለመሸከም ነው ለማጠር?» አሉኝ።

መፍትሔው የመስኮትና የበር አሉሚኒየም ከሚሠሩ ሱቆች ቁርጥራጭ መግዛት ነው። አሉሚኒየም ግን በተራ የብረት መበየጃ አይበየድም፤ ቀጭኑ ይቀልጣል፣ ወፍራሙም አይያያዝም። ስለዚህ ክፍሎቹ በብሎንና በዳዶ እንዲያያዙ አድርጎ ማቀድ ያስፈልጋል፤ ይህም ኋላ ለማስተካከልና ፈትቶ ለመያዝ ይበጃል። እጀታውን ከዋንዛ ማሠራት ደግሞ የሚናቅ አይደለም፤ ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመቅረጽ ይመቻል፣ በጠዋት ብርድም እንደ ብረት እጅ አያቀዘቅዝም። የፕላስቲክ የውሃ ቱቦን በተመለከተ ለሙከራ ጥሩ ነው፤ ለሥራ ግን በየእርምጃው ይለምጣል።

ሚዛኑን ሳያሰሉ መተው

ከስህተቶቹ ሁሉ ሰፊው ይህ ስለሆነ ዘለግ አድርጌ ላስረዳ። ሪጉ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ትከሻው እንደ ሚዛን መሃል ይሆናል። ከፊት ያለው ክብደት ከትከሻው ባለው ርቀት ሲባዛ ከኋላው ጋር ካልተቀራረበ፣ ልዩነቱን የሚከፍለው የቀራጩ ክንድ ነው። በቁጥር እንየው፦ ካሜራው ከሌንሱ፣ ከማይክሮፎኑና ከስክሪኑ ጋር 2 ኪሎ ግራም ቢመዝንና ከትከሻው በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ፊት ለፊት ቢቀመጥ፣ ብዜቱ 60 ይሆናል። ከኋላ በ25 ሴንቲ ሜትር ላይ ይህን የሚመልሰው 2.4 ኪሎ ግራም ነው፤ በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ግን 1.5 ኪሎ ግራም ይበቃል። ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድፍን የብረት ቁራጭ 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ የሚፈለገው ክብደት ከቁርጥራጭ ብረት ክምር ውስጥ አይጠፋም።

እዚህ ላይ ሰው ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። አንደኛው «ክብደት ላይ ክብደት ለምን እጨምራለሁ?» ብሎ የኋላውን መተው ነው፤ ሪጉ በጠቅላላው ቀልሎት በሩብ ሰዓት ውስጥ ግን ክንዱ ይንቀጠቀጥበታል። ሁለተኛው በሒሳቡ ተደስቶ የኋላውን ዘንግ ማስረዘም ነው። ከትከሻ ኋላ 40 ሴንቲ ሜትር የወጣ ብረት በጥምቀት ሰልፍ መሃል ዞር ባሉ ቁጥር የሰው ፊት ይመታል። ለሕዝብ መሃል ሥራ ከኋላ አጭርና ከበድ ያለ፣ ለገለልተኛ ቦታ ረዘም ያለና ቀለል ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ዘንጉ የሚንሸራተት ከሆነ አንዱ ሪግ ለሁለቱም ይሆናል። ዝም ብሎ ከተሞላ ብረት ይልቅ ደግሞ የስክሪኑን ትልቅ ባትሪ ወደ ኋላ ወስዶ ማሰር ሁለት ጉዳይ በአንድ ይፈታል። ሚዛኑ ፍጹም መሆንም አይጠበቅበትም፤ በጥቂቱ ወደ ፊት ያዘነበለ ሪግ እጅ የሚመራው ስለሚሆን፣ ከተስተካከለው ይልቅ ረግቶ ይቀመጣል።

የራስን መለኪያ መፍጠር

በገበያ ላይ ያሉት የሪግ መለዋወጫዎች የሚሠሩት 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላላቸው ዘንጎች ሲሆን፣ በሁለቱ ዘንጎች መሃል ለመሃል ያለው ርቀት 60 ሚሊ ሜትር ነው። የሚያሠራው ሰው በእጁ የገባውን ቱቦ በመሰለው ርቀት ከተከለ፣ ነገ የሚገዛው ወይም የሚዋሰው ማንኛውም ዕቃ አይገጥምለትም። ግማሽ ኢንች የሚባለው የውሃ ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 21 ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ ለዚህ አይሆንም። ድፍን ዘንግ ቶርኖ ቤት ወስዶ 15 ሚሊ ሜትር ማስወጣት ይቻላል፤ ዘንጉን ቀለም መቀባት ግን አይገባም፣ ቀለሙ ውፍረት ስለሚጨምር ማቀፊያው አልንሸራተት ይላል።

ሳህኑን በሚቆርጡበት ጊዜ ደግሞ ካሜራውን ገልብጠው ይመልከቱት። የባትሪው በር ከሆዱ በኩል ነው፤ ሳህኑ ከሸፈነው ባትሪ ለመቀየር ሁሉንም መፍታት ግድ ይሆናል፣ ይህም የሚደርሰው ሁልጊዜ ቀለበት ሲደረግ ነው። የካርዱ በርና የገመድ መሰኪያዎቹም እንዲሁ ነጻ መሆን አለባቸው።

ሌንሱን መርሳት

ሁለት መቶ ሚሊ ሜትር የሚደርስ ከባድ ሌንስ ያለው ሰው ካሜራውን ብቻ በሳህን አስሮ ሌንሱን አየር ላይ ይተዋል። ካኖን 70-200 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው ዓይነት ብቻውን 1.5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከካሜራው አካል ይከብዳል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሌንስ በራሱ ቀለበት ላይ ማሰሪያ አለው፤ ሳህኑ ላይ መታሰር ያለበት እሱ ነው።

ፎሎው ፎከስ የሚባለውን፣ የሌንሱን ትኩረት የሚያስተካክል ባለ ጥርስ ማዞሪያ ለመሥራት የሚደክሙም አሉ። ከዚያ በፊት የሌንሱን ቀለበት አዙረው ይሞክሩት። ብዙዎቹ የአውቶፎከስ ሌንሶች ቀለበታቸው ጫፍ ላይ ሳይቆም ይዞራል፤ አንዳንዶቹም በሞተር ብቻ ስለሚሠሩ ምልክት ያደረጉበት ቦታ ሁለተኛ ጊዜ አንድ ዓይነት ርቀት አይሰጥም። በእንዲህ ያለ ሌንስ ላይ ፎሎው ፎከስ ጌጥ ነው፤ ጫፉ ላይ የሚቆም የድሮ የእጅ ሌንስ ካለዎት ግን ዋጋ አለው።

ማይክሮፎኑን በቀጥታ ከብረቱ ጋር ማሰር ሌላው ነው፤ እጅ እጀታው ላይ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ድምፁ ይገባል። መሃሉ ላይ ወፍራም ጎማ ይበቃዋል።

ሐይቁ ላይ

ዲኤስኤልአር ካሜራ ምስሉን በአንድ ቅጽበት ሳይሆን ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ ፈጣን ንዝረት ሲያገኘው ምስሉ እንደ ረጋ እርጎ ይርገበገባል። የጣና የሞተር ጀልባ ይህን ንዝረት ሳያቋርጥ ይሰጣል። ቀራጮች ሪጉን ከጀልባው ጠርዝ ወይም ከአግዳሚው ጋር ማሰር ማረጋጋት ይመስላቸዋል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ የሞተሩን ንዝረት በቀጥታ ወደ ካሜራው መጋበዝ ነው። ተቀምጦ ሪጉን በትከሻ መያዝ ይሻላል፤ የሰው ሰውነት ከብረት የተሻለ ንዝረት ይውጣል። ንዝረቱ ብሎኖችንም ስለሚያላላ፣ ውስጡ ናይሎን ያለው ዳዶ ለየመገጣጠሚያው መግዛት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ካሜራውን ከሳህኑ በተጨማሪ በራሱ ማንገቻ ከሪጉ ጋር ማሰር ደግሞ ሐይቅ ላይ ግዴታ ነው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ዘንድ ከክረምት በኋላ ለሚቀርጽ ሰው የሚረጨው ውሃ ያልተቀባ ብረትን ቶሎ ስለሚያዝገው ማታውኑ መጥረግ አለበት።

ካሜራውን መጀመሪያ መጫን

ሪጉ ተሠርቶ ሲያልቅ ካሜራውን እዚያው በያጁ ቤት ለመግጠም የሚቸኩል ብዙ ነው። በምትኩ ባለ 2 ሊትር የውሃ ጠርሙስ ካሜራው በሚቀመጥበት ሳህን ላይ አጥብቀው ያስሩ፤ ክብደቱ 2 ኪሎ ግራም ነው። ሪጉን ተሸክመው በሐይቁ ዳር ባለው የእግረኛ መንገድ ግማሽ ሰዓት ይሂዱ፣ ደረጃ ይውጡ፣ ቁጢጥ ይበሉና ይነሡ። ትከሻዎ የትኛው ቦታ ላይ እንደቀላ፣ የትኛው ብሎን እንደላላ፣ የትኛው ክንድዎ ቀድሞ እንደደከመ በወረቀት ጽፈው፣ በያጁ ሱቁን ሳይዘጋ ይመለሱ።