ቁስቋምን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር የመጣ ሰው ፋሲል ግቢን ሳያይ አይመለስም። ቁስቋምን ግን ብዙው ሰው ይዘለዋል፤ የሄደውም ሩብ ሰዓት ቆሞ፣ ሁለት ፎቶ አንስቶ ይወርዳል። እቴጌ ምንትዋብ ባለቤታቸው አፄ በካፋ በ1730 ካረፉ በኋላ ከከተማው በስተምዕራብ፣ ዳገቱ ላይ ያሠሩት መኖሪያና ቤተ ክርስቲያን ነው (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው)። የጎንደርን ታሪክ በመጽሐፍ ያወቀ ሰው ከዚህ በላይ ሊናፍቀው የሚገባ ቤት የለም። ጣሪያው ወድቋል፤ ግድግዳው ግን ለሚያነበው ብዙ ይናገራል። ጉዞውን የሚያበላሹት ጥቃቅን ስህተቶች ናቸው።

የምንትዋብን ግንብ ብሎ ብቻ ባጃጅ መያዝ

እቴጌይቱ ሁለት ግንብ አላቸው። አንዱ ፋሲል ግቢ ውስጥ ያለው ነው፤ ሁለተኛው ቁስቋም ነው። ከፒያሳ ሲነሱ «ቁስቋም ማርያም» ይበሉ። ባጃጁ ዳገቱን ስለሚወጣ ዋጋውን ሳይሳፈሩ ይነጋገሩ፤ እላይ መመለሻ ላይገኝ ስለሚችል እንዲጠብቅዎ ወይም በሰዓቱ እንዲመለስ መስማማትም ይበጃል። ለፋሲል ግቢ የቆረጡት ቲኬት እዚህ አይሠራም፤ ክፍያው ለብቻ ነው። ሲከፍሉ ደረሰኝ ይቀበሉ።

እኩለ ቀን ላይ መድረስ

የተለመደው አካሄድ ጠዋት ፋሲል ግቢ፣ ከዚያ ቁስቋም ነው። ይህን ይገልብጡት። የቁስቋም ግድግዳ ጌጡ የተቀረጸው በድንጋይ ላይ ነው፤ በተለይ መስቀሎቹ ቀላ ካለ ድንጋይ ተቀርጸው ከግድግዳው ትንሽ ወጣ ያሉ ናቸው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ድንጋዩ ሁሉ አንድ ዓይነት ገርጥቶ ይታያል፤ ቅርጹ ጥላ ስለማይጥል ዓይን ያልፈዋል። ጠዋት ከ2፡30 እስከ 4፡30 ባለው ጊዜ ግን ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የመስቀሉ ጠርዝ ሁሉ በጥላ ተሰምሮ ይወጣል።

ከፊት ለፊት ርቀው ቆመው ብቻ አይዩት። ወደ ግድግዳው ይጠጉ፣ ግን አይንኩት፤ ከዚያ ወደ ጎን እየተራመዱ በግድግዳው ጫፍ በኩል አግድም ይመልከቱ። መጀመሪያ ግንበኛው ድንጋዮቹን ያያያዘበት ኖራ ይታይዎታል፤ ቀጥሎ ቀዩ ድንጋይ ከጥቁሩ ጋር የተጋጠመበት መስመር፤ ከዚያ መስቀሉ። ለዚህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይስጡት። ለሙሉው ጉብኝት ሁለት ሰዓት ካልመደቡ ባይሄዱ ይሻላል።

በዓሉንና ጾሙን ሳያዩ ቀን መቁረጥ

ቦታው ስሙን ያገኘው ቅድስት ማርያም ከልጇ ጋር በስደት ካረፈችበት ከግብፁ ደብረ ቁስቋም ነው። ዓመታዊ በዓሉ ኅዳር 6 ነው። በዚያ ቀን ፍርስራሹን በጸጥታ እየዞሩ ማየት አይታሰብም፤ የሚሄዱት ለሕንፃው ከሆነ ሌላ ቀን ይምረጡ። ለሥነ ጽሑፍ የሚሄድ ሰው ግን ከበዓሉ በፊት ያለውን ወቅት እንዳያሳልፈው አጥብቀን እንመክራለን። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ወርኃ ጽጌ ነው፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሌሊት ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። የስደቱ ታሪክ በአበባ ምሳሌ በግእዝ ግጥም የሚዜምበት ጊዜ ስለሆነ፣ የግእዝን ቅኔ በወረቀት ብቻ የሚያውቅ ሰው በከበሮና በጸናጽል ታጅቦ ሲሰማው ሌላ ነገር ነው። ነጠላ ይልበሱ፣ ጫማ ያውልቁ፣ ስልክዎን ያጥፉ።

በጾም ቀን ቅዳሴ ወደ ከሰዓት ስለሚገፋ ቤተ ክርስቲያኑን የሚያስጎበኝ ካህን ጠዋት ላያገኙ ይችላሉ። በክረምትም ሣሩ ይረዝማል፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል።

የሚታየውን ሁሉ የእቴጌይቱ ዘመን ሥራ ማድረግ

በ1888 ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ተቃጥሏል። ዛሬ የቆመው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ የታነጸ ነው። የጥንቱን የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ወደ ፈረሰው አዳራሽና ወደ ቅጥሩ ይመልስ። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የአፄ ኢያሱ ዳግማዊና የልጅ ልጃቸው የአፄ ኢዮአስ አፅም የመስታወት ክዳን ባለው ሣጥን ተቀምጧል። ይህን ለማየት ቁልፍ የያዙትን አባት ፈልገው፣ ሰላምታ ሰጥተው፣ «አባታችን፣ ቢፈቅዱልን» ብለው ይጠይቁ። ካሜራ አስቀድሞ አውጥቶ መግባት ነውር ነው። መቃብር መሆኑን አይርሱ።

የብሩስን መጽሐፍ እንዳለ ይዞ መዞር

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በየካቲት 1770 ነው፤ የወጣው በታኅሣሥ 1771። የቤተ መንግሥቱን ልጆች ከፈንጣጣ በማከም የእቴጌይቱን ቤት ሞገስ አገኘ፤ በቁስቋምም ተቀመጠ። ብዙ የውጭ አገር ጎብኚ ቁስቋምን የሚያውቀው ከእሱ ነው። ችግሩ አምስት ጥራዝ መጽሐፉ የታተመው በ1790 መሆኑ ነው፤ ወደ አውሮፓ ከተመለሰ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው። ቀኑና ቅደም ተከተሉ አንዳንድ ቦታ ይምታታል፤ ራሱንም አግንኖ ይጽፋል። ስለዚህ የኢያሱ ዳግማዊንና የኢዮአስን ዜና መዋዕል አብረው ያንብቡ። የቤተ መንግሥት ጸሐፍት ለጌቶቻቸው ማድላታቸው አይቀርም፤ ግን ሁለቱ ሲተያዩ እውነቱ ይቀርባል።

ብሩስ ሲመጣ የቤቱ ሁኔታ ምን እንደነበር ካላወቁ ደግሞ መጽሐፉ ራሱ አይገባም። አፄ ኢዮአስ በትግራዩ ገዥ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ የተገደሉት በ1769 ነው፤ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። የእቴጌይቱ ልጅ ወይዘሮ አስቴር ደግሞ የዚሁ የራስ ሚካኤል ሚስት ነበሩ። እንግዳው የተቀመጠው ሐዘን ላይ ባለች አያት ቤት፣ ገዳይና ሟች በጋብቻ በተሳሰሩበት ቤተሰብ መካከል ነበር። ይህን ይዘው አዳራሹ መካከል ቢቆሙ ፍርስራሹ ሌላ መልክ ይኖረዋል። ብሩስ የተኛበትን ክፍል አሳዩኝ ብሎ አስጎብኚውን ማስጨነቅ ግን ትርፉ ድካም ነው።

«የዐባይን ምንጭ መጀመሪያ ያየ አውሮፓዊ ብሩስ ነው» የሚል አስጎብኚ ካጋጠመዎም በትሕትና ያርሙት። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ግሽ ዐባይ ደርሶ በጽሑፍ አስፍሮታል።

ብራና ፍለጋ መድረስ

ፋሲል ግቢ ውስጥ የአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍት የሚባል ግንብ አለ። ጣሊያኖች በልስን ስለጠገኑት ከአጠገቡ ካሉት ግንቦች ይልቅ አዲስ ይመስላል። ውስጡ መጽሐፍ የለም፤ መደርደሪያ ፈልገው የሚገቡ ሰዎች ቅር ብሏቸው ይወጣሉ። የት እንደሄደ ማወቅ ከፈለጉ አፄ ቴዎድሮስን ያስታውሱ። በ1860ዎቹ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ወደ መቅደላ አጋዙ፤ በ1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ወደ 350 የሚሆን የብራና መጽሐፍ ለንደን ገባ። ብሩስም ቀድሞ ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ግልባጭ ይዞ ሄዷል፤ ከእነሱ አንዱ ፓሪስ፣ ሁለቱ ኦክስፎርድ ናቸው። ይህን ያህል ከተወሰደበት በኋላ ካህናት እንግዳ ሲያዩ ብራና ቢደብቁ ሊገርመን አይገባም። አውጡልኝ ብለው አይጨቅጭቁ። ካሳዩዎት ገጹን የሚገልጡት እሳቸው ይሁኑ፤ የእጅ ቅባትና ላብ ቀለሙን ይጎዳል። ፍላሽ ያጥፉ።

በመንገድ ላይ «የድሮ መጽሐፍ» የሚያቀርብልዎ ሰው ካለ አይግዙ። በዐዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ከዚህም በላይ ከአንዱ ደብር ዕቃ ቤት የወጣ ሊሆን ይችላል።

የጎንደር ሥነ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ያለው በመምህራን ቃል ላይ ነው። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የመጽሐፍ ትርጓሜ ስልቶች የዚህች ከተማ ናቸው፤ የጎንደር አቋቋም (የማኅሌት ዝማሜ ትምህርት) የሚመሰከርበትም በዓታ ለማርያም ከተማው ውስጥ ነው። ጉባኤ ማየት የሚፈልግ ሰው ትምህርት መካከል ገብቶ አያቋርጥ። ዳር ቆሞ ይስማ፤ የኔታ ሲጨርሱ ቀርቦ ሰላም ይበል።

ቅጥሩ ላይ መውጣት

ኖራው በዝናብ እየታጠበ ስለሚያልቅ የላይኛው ድንጋይ ያለ ማያያዣ የተቀመጠ ነው። አንድ ድንጋይ ከተነሣ ክፍተቱ ውኃ ይገባዋል፤ ሥርም ይሰድበታል። ለእርስዎም አደጋ ነው። ስም መጻፍን ማንሳት እንኳ ያሳፍራል፤ ተጽፎ ስለምናይ ነው የምናነሳው።

ጎርጎራን ከቁስቋም ጋር በአንድ ቀን መደረብ

ውኃ ዳር ያለ የንጉሥ ቤት ማየት የሚፈልጉ ሰዎች ወደ ጣና ይወርዳሉ። ፓኤዝ ለአፄ ሱስንዮስ የንጉሥ መኖሪያ የሠራው በጎርጎራ ነው፤ የኢትዮጵያን ታሪክ ጽፎ በ1622 ያረፈውም እዚያው ነው። ርቀቱ ከጎንደር ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ለብቻው ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም የከተማውን ሰው ይጠይቁ። በጀልባ የሚሄዱ ከሆነ ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም ትንሿን ጀልባ ያስቸግራል። የጎርጎራዋን ቤተ ክርስቲያን ደብረ ሲና ማርያምን ከምሳ በፊት ካዩ ቀሪው ሰዓት ለመመለሻው ይበቃል።