ቢከር መለኪያ አይደለም

ጎንደር ውስጥ በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ መሥራት ከጀመርኩ ቆየሁ። በየዓመቱ አዳዲስ ልጆች ይመጣሉ፤ ስህተቱ ግን ያው ነው። ከሁሉ የሚያንገበግበኝን ላስቀድም።

ቢከር መለኪያ አይደለም! አፉ የሰፋ የላቦራቶሪ ብርጭቆ ነው። ጎኑ ላይ ቁጥር አለ፣ አውቃለሁ። ቁጥሩ ለግምት ነው፤ ብዙውን ጊዜ እስከ 5 በመቶ ይስታል። 1 ሊትር ሞላሁ ስትሉ 50 ሚሊ ሊትር ሊጎድል ወይም ሊተርፍ ይችላል። ጥሩ የ1 ሊትር ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ (አንገቱ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ የልክ መስመር ያለው ጠርሙስ) ግን ግማሽ ሚሊ ሊትር እንኳ አይስትም።

አንድ ቡድን 4 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተጠንቅቆ መዘነ። ውሃውን ግን በቢከር ሞላ። ከዚያ ግማሽ ቀን ቲትሬሽን ሠሩ፤ አሲድ በጠብታ እየጨመሩ የሟሟውን መጠን መለካት ማለት ነው። ውጤቱ ከሌሎቹ ጋር አልገጥም ሲላቸው ቡሬቱን (ጠብታ የሚለቀውን ባለቁጥር ረጅም ቱቦ) ጠረጠሩ፣ አሲዱን ቀየሩ፣ እንደገና ጀመሩ። ጎበዝ ልጆች ነበሩ። ልፋታቸው አንጀቴን በላው። ሚዛን ላይ ለቅንጣት ተጨንቆ ውሃውን በግምት መሙላት ምን ይባላል?

ቢከር ለማሟሟት፣ ለማማሰልና ለማሞቅ ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን እዚያ አሟሙት፤ ሲሟሟ ስለሚሞቅ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ትኩሱን እስከ መስመሩ ከሞላችሁት ሲቀዘቅዝ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ፍላስኩ ገልብጡት። ቢከሩን ሁለት ሦስቴ በዲስትልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ አለቅልቃችሁ እጣቢውንም ጨምሩ። መጨረሻው በጠብታ ነው። ዓይናችሁ ከመስመሩ እኩል ይሁን፤ የሚነበበው የጎደጎደው የፈሳሹ ገጽ ታችኛው ጠርዝ ነው።

ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ እሳት ላይ አይጣድም። ልኩ የተሠራው ለ20 ዲግሪ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ጥጄዋለሁ፤ የነገረኝ አልነበረም።

ፒፔት (ፈሳሽ ስቦ የሚለካ ቀጭን ቱቦ) በአፍ አይሳብም። በቃ።

ቡሬት ከማንበባችሁ በፊት ፈነሉን አንሱ። ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ካለም አስወጡ።

ውሃ 93 ዲግሪ ላይ ሲፈላ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ብለው የሚመልሱልኝ አሉ። አልተበላሸም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየር ግፊቱ ስለሚያንስ ውሃ ቀድሞ ይፈላል። ወደ ቆላው፣ ወደ መተማ ብትወርዱ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ባቄላ እዚህ ከቆላው ይልቅ ቶሎ የማይበስለውም ለዚህ ነው።

የመስታወት ቱቦ በጎማ ውታፍ ውስጥ ስታስገቡ ደረቁን አትግፉ። በውሃ ወይም በግሊሰሪን አርጥቡት። እጃችሁን በጨርቅ ጠቅልሉ፣ ቱቦውን ከውታፉ ጠጋ ብላችሁ ያዙ፣ ቀስ እያላችሁ አሽከርክሩ። አንዲት ተማሪዬ በባዶ እጇ ስትገፋ ቱቦው ተሰብሮ መዳፏን ሰነጠቀው። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ፣ ከአጠገቧ ነበር።