አንድ ያርድ እምቢ ሲል፦ በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል የሦስተኛና አንድ ችግርና መፍትሄው

የመክፈቻው ጨዋታ አልቋል። ቡድኑ ሦስተኛና አንድ ላይ፣ ማለትም ከአራት ሙከራዎች (ዳውን) በሦስተኛው አንድ ያርድ ሲቀረው፣ ተገትቷል፣ አራተኛና አንድ ላይም ኳሷን አስረክቧል፤ ደጋፊው ደግሞ ጣቱን ጨዋታ በሚጠራው አሰልጣኝ ላይ ቀስሯል። "ለምን ዝም ብለው አይገፉም?" የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ሴፕቴምበር ሲገባ ይነሳል። ጥሪው የሚበላሽበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያቺ አንድ ያርድ የምትጠፋው ከስናፑ፣ ኳሷ ከመሬት ተነስታ ወደኋላ ከምትሰጥበት ቅጽበት፣ በኋላ ባለችው የመጀመሪያ እርምጃ ነው፤ ቪዲዮውን አቁሞ ያየ ሰው ቦታውን በጣቱ ያሳያል።

ቴክሳስን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 2025 ዓመቱን ኮሎምበስ ላይ ከኦሃዮ ስቴት ጋር ሲከፍት፣ ኳርተርባኩ (ስናፑን ተቀብሎ ጨዋታውን የሚመራው) አርች ማኒንግ በአራተኛ ዳውን ከአንድ ያርድ ላይ ስኒክ፣ ማለትም ኳሷን ራሱ ይዞ በመሃል መግፋትን፣ ሞክሮ ከጎል መስመሩ በፊት ተገታ፤ ጨዋታው በኦሃዮ ስቴት 14 ለ 7 አሸናፊነት ተጠናቀቀ። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 10 በኮተን ቦውል እነዚሁ ሁለት ቡድኖች ሲገናኙም ቴክሳስ ጎል ለማግባት አንድ ያርድ ቀርቶት ባዶ እጁን ተመልሷል። ኳርተርባኩ ሌላ፣ ጥሪውም ሌላ ነበር፤ ያልተገኘችው ግን ያችው አንድ ያርድ ናት።

ስሞቹን ባጭሩ፦ በአጥቂው መስመር መሃል ስናፕ የሚያደርገው ሴንተር፣ በሁለት ጎኑ ጋርዶች፣ ከነሱ ውጭ ታክሎች ይቆማሉ፤ ራኒንግ ባክ ኳሷን ተቀብሎ የሚሮጠው ነው። ተከላካዩም መሃል ላይ የሚቆሙ የራሱ ታክሎች አሉት። ለምርመራ ቪዲዮውን ኳሷ ራኒንግ ባኩ ሆድ ላይ ስትደርስ አቁሙት። ከመስመሩ (ኳሷ ከተቀመጠችበት) ወዲህ የተቃራኒ ማሊያ አለ? የጋርዶቹ ሄልሜት ከተከላካዩ ሄልሜት በላይ ነው ወይስ በታች? ራኒንግ ባኩ ቆሟል ወይስ እየሮጠ ነው? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከነዚህ ሦስት መልሶች ይነሳል።

ምልክት፦ ኳሷና ተከላካዩ ራኒንግ ባኩ ጋ እኩል ይደርሳሉ

ደጋግሞ የሚታየው ይሄ ነው። ሰው "መስመሩ ደካማ ነው" ብሎ ይዘጋዋል፤ ግን አራት የተለያዩ ምክንያቶች አሉት፣ ጥገናቸውም አንድ አይደለም።

አንደኛው ርቀት ነው። በሻትገን ኳርተርባኩ ከመስመሩ አምስት ያርድ ያህል ወደኋላ፣ ራኒንግ ባኩም ከጎኑ ይቆማል። ስናፑ ያን ሁሉ በአየር ይመጣል፤ ራኒንግ ባኩ ደግሞ ከቆመበት ተነስቶ በኳርተርባኩ ፊት ወደ ጎን ያልፋል። ኳሷን ሲይዝ ገና ፍጥነት የለውም፣ ከመስመሩም አራት አምስት ያርድ ይርቃል። አንዲት ያርድ ለማግኘት ስድስት ያርድ ሊሮጥ ነው፤ እሱን ለማበላሸት የሚመጣው የተከላካዩ ታክል ግን ሁለት ያርድ ከገባ ይበቃዋል። ኳርተርባኩ ከሴንተሩ ጀርባ ሲቆም ነገሩ ይለወጣል፦ ራኒንግ ባኩ ሰባት ያርድ ላይ ሆኖ በስናፑ ቅጽበት ቀጥ ብሎ ወደፊት ይነሳል፣ ኳሷን የሚቀበለውም ትከሻው ወደ ጎል እንደዞረ እየሮጠ ነው። ኳርተርባክን ከሴንተር ጀርባ ማቆም የማይፈልግ አሰልጣኝ ቢያንስ ፒስቶል ይጠቀም፤ ኳርተርባኩ አራት ያርድ ላይ፣ ራኒንግ ባኩ ሰባት ላይ በቀጥታ ከኋላው።

ሁለተኛው የመጀመሪያዋ እርምጃ ናት። በዞን ብሎክ (ብሎክ ተከላካይን በሰውነት ገጥሞ መዝጋት ነው) አምስቱም የመስመር ሰዎች መጀመሪያ የሚረግጡት ወደ ጎን ነው። መጀመሪያና አስር ላይ ይሠራል፤ ተከላካዩ እያነበበ ስለሚመጣ እሱም አብሮ ወደ ጎን ይሳባል። ሦስተኛና አንድ ላይ ግን ማንም አያነብም፤ ስናፑ ሲነሳ የፊት ሰዎች ወደ ክፍተቱ ይወረወራሉ። ጋርዱ እግሩን ወደ ጎን ባነሳባት ቅጽበት በአንድ እግሩ ነው የቆመው፤ 140 ኪሎ የሚመዝን ታክል በኤ ጋፕ፣ ማለትም በሴንተሩና በጋርዱ መሃል፣ የሚያልፈው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ጋርዱ ምንም ጉልበት ቢኖረው ከኋላ ማሊያ መያዝ ብቻ ይቀረዋል፤ ያም በሆልዲንግ አሥር ያርድ ያስቀጣል።

ሦስተኛው ቦታውን ለቆ የሚሮጠው ጋርድ ነው። ፓወርና ካውንተር በሚባሉት የሩጫ ጥሪዎች ጋርዱ ዞሮ ወደ ሌላው ወገን ሲሮጥ የተወውን ክፍተት ሴንተሩ ወደ ጎን ተመልሶ መዝጋት አለበት። ሴንተሩ ስናፕ እያደረገ ነው፤ አንድ እጁ ኳስ ላይ ነው። ተከላካዩ ጋርዱ ከወጣበት ክፍተት ፊት ለፊት ከተቀመጠ ሴንተሩ አይደርስበትም። የገባው ሰው ራኒንግ ባኩን ባይነካ እንኳ የሚሮጠውን ጋርድ ገጭቶ መንገዱን ይዘጋዋል። በቴሌቪዥን "ራኒንግ ባኩ የራሱ ሰው ላይ ተጋጨ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ የራኒንግ ባኩ ጥፋት አይደለም።

አራተኛው በመስመር ሰዎች መካከል ያለው ስፋት፣ ስፕሊት የሚሉት ነው። ሜዳ መሃል ላይ ሁለት ጫማ፣ 60 ሴንቲሜትር ያህል ይተዋሉ። ያንኑ ስፋት ይዞ አንድ ያርድ ለማግኘት መሞከር በር ከፍቶ ሌባ መጠበቅ ነው። የሚያናድደው ይህን ለማስተካከል ተሰጥኦም ገንዘብም አለመጠየቁ ነው።

ጥገናው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ። መጀመሪያ ስፕሊቱን ጫማ ለጫማ ሊነካካ እስኪደርስ፣ ከ15 ሴንቲሜትር ወደታች አጥብቡ። ልብ በሉ፦ መስመሩ ሲጠብ ከዳር የሚመጣው ተከላካይም ለኳሷ ይቀርባል፤ ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ ብሎክ ማድረግ የሚችል ታይት ኤንድ፣ ከታክሉ ቀጥሎ የሚቆም ተጫዋች፣ ያስፈልጋል። "የሚችል" የሚለው ይሰመርበት። በዛሬው የኮሌጅ ጨዋታ ታይት ኤንድ የሚባለው ብዙው ቁመቱ የረዘመ ተቀባይ ነው፤ 120 ኪሎ የዳር ተከላካይ ፊት አቁሞ ውጤት መጠበቅ ሰውየውንም መጉዳት ነው።

ቀጥሎ ዞኑን ትታችሁ ወደ ድርብ ብሎክ፣ ዱዎ ወደሚባለው ሂዱ። ሁለት ሰዎች ዳሌ ለዳሌ ገጥመው አንድ ታክል ይዘው ቀጥታ ወደኋላ ይነዱታል። የመጀመሪያዋ እርምጃ አጭር ናት፤ 15 ሴንቲሜትር፣ እግር ከመሬት እምብዛም ሳይነሳ። ሄልሜት ከተከላካዩ ደረት በታች ይግባ፣ መዳፍ ደረቱ ላይ ይረፍ፣ ጉልበት እንደታጠፈ ይቆይ። እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚበላሸው ችኮላ ነው፦ ከሁለቱ አንዱ ላይንባከሩን (ከፊት ሰዎቹ ኋላ የሚቆመውን ተከላካይ) ለመያዝ ቶሎ ይላቀቃል፣ ታክሉም በቀረው ሰው ላይ ተጠምዝዞ ይገባል። አንድ ያርድ ላይ ላይንባከርን ማሳደድ አያስፈልግም፤ ራሱ ይመጣል። ታክሉን መጀመሪያ አንድ ሜትር ግፉት፣ ላይንባከሩ በአይን ይጠበቅ።

ከሩጫው በተቃራኒ ወገን ያሉት ሁሉ ደግሞ አንድ ሕግ ይኑራቸው፦ መጀመሪያ የውስጥ ክፍተትህን ዝጋ። ከዳር የሚመጣ ሰው ሩቅ ስለሆነ አይደርስም፤ በውስጥ የሚገባው ግን ይደርሳል።

ምልክት፦ ስኒኩ ከሴንተሩ ጀርባ አያልፍም

ስኒክ ኳሷን ከመስመሩ ስለማያርቃት ከሁሉ የተሻለ መድኃኒት ነው፤ ግን ለሁሉም በሽታ አይሆንም። ሁለቱም ኤ ጋፖች በሰው ከተሞሉና ከኋላቸው ላይንባከር ከተደረበ ሌላ ጥሪ ያስፈልጋል። ኳርተርባኩ ሁለት ጥሪ ይዞ ወደ መስመሩ ይውጣ፦ ከኤ ጋፖቹ አንዱ ክፍት ከሆነ ስኒክ፣ ሁለቱም ከተዘጉ ከራሱ ታክል ውጭ ሩጫ። አንድ ጥሪ ብቻ ይዞ የሚወጣ ቡድን ለተከላካዩ ጉዳዩን ጨርሶለታል።

የኳርተርባኩ አረማመድ ላይም ስህተት ይበዛል። ሴንተሩ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ሴንተሩ ሲገታ አብሮ ይገታል። ትክክለኛው መንገድ በሴንተሩና በጋርዱ ዳሌ መሃል ነው፤ እርምጃው አጭርና የማይቆም፣ ኳሷም በሁለት ክንድ ደረት ላይ ታቅፋ።

ከኋላ መግፋት በዛሬው የኮሌጅ ሕግ ይፈቀዳል፤ መጎተት ግን አምስት ያርድ ያስቀጣል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 2005 ራኒንግ ባኩ ሬጂ ቡሽ ኳርተርባኩን ማት ላይናርትን ገፍቶ ዩኤስሲ ኖተር ዴምን 34 ለ 31 ሲያሸንፍ መግፋቱም ክልክል ነበር፤ ዳኛ ግን አልጠራውም። የሚገፋው ሰው እጁን ዳሌ ላይ እንጂ ጀርባ ላይ አያሳርፍ። ጀርባው የተገፋ ኳርተርባክ በግንባሩ ይደፋል፤ በኮሌጅ ሕግ ደግሞ ከእጅና ከእግር በቀር ሌላ አካል መሬት ከነካ ማንም ባይነካውም ጨዋታው ያበቃል። በፕሮ ሊግ የለመደ አይን ይህን ይረሳዋል፣ ዳኛውንም ያለ ጥፋቱ ይሰድባል።

ምልክት፦ ስናፑ ይወድቃል

ከልጅነቱ ጀምሮ በሻትገን ያደገ ኳርተርባክ ከሴንተር ጀርባ ሲቆም የሚደርስበት ነው። ሴንተሩ ኳሷን ሩብ ዙር አዙሮ ሲያነሳ ሰውነቱ ወደፊት ይሄዳል፤ ኳርተርባኩ እጁን ቀድሞ ከሳበ ኳሷ የምታርፍበት አታገኝም። የሚወረውርበት እጅ ከላይ ተጭኖ፣ ሌላው ከታች አውራ ጣቶች ተጠጋግተው፣ እጆቹ ከሴንተሩ ጋር አብረው ትንሽ ወደፊት ይሂዱ። በየቀኑ 30 ስናፕ፣ ሩቡ በረጠበ ኳስ፣ ከተቀያሪው ሴንተርም ጋር። በልምምድ ሴንተሩ ፊት ማንም ሳይቆም የተደረገ ስናፕ አይቆጠርም! ፊቱ ሰው ሲኖር ሴንተሩ ኳሷን አሳጥሮ ነው የሚያነሳት። ያልተለማመዱትን በጨዋታ መሃል መሞከር ደግሞ ጨርሶ አይደረግም።

ምልክት፦ አንድ ሰው ያለ ብሎክ ከዳር ገብቶ ይይዛል

ኳርተርባኩ ኳሷን አቀብሎ ከቆመ አጥቂው በአሥር ሰው ነው የሚጫወተው። ወይ ኳርተርባኩ የዳሩን ሰው አንብቦ ኳሷን ራሱ የማስቀረት መብት ይኑረው፣ ወይ ተከላካዩ የሚፈራው ሌላ ሰው ሜዳ ላይ ይኑር። በ2006ቱ ሮዝ ቦውል ዩኤስሲ 38 ለ 33 እየመራ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀር፣ አራተኛና ሁለት ላይ ለሌንዴል ዋይት ሰጠ፤ ሬጂ ቡሽ ሜዳ ዳር ቆሞ ነበር። ዋይት ምሽቱን ሙሉ ተከላካዩን ሲያርስ ያመሸ ሯጭ ነው፤ ግን ቡሽ በሌለበት የቴክሳስ ተከላካዮች ሌላ የሚጠብቁት ስላልነበረ መሃሉ ላይ ተከመሩ። ዋይት አልደረሰም፤ የቴክሳሱ ቪንስ ያንግ 19 ሰከንድ ሲቀር አገባ፣ 41 ለ 38 አለቀ።

ምልክት፦ ወደ ዳር ተወርውሮ ሰባት ያርድ ይጠፋል

አንድ ያርድ ላይ ቶስ፣ ኳሷን ወደ ዳር ለሚሮጥ ሰው መወርወርን፣ አትጥሩ። ኳሷ ወደኋላና ወደ ጎን ስትሄድ አንድ ሰው ሾልኮ ከገባ በቂ ነው። በኮተን ቦውሉ ኦሃዮ ስቴት 21 ለ 14 ሲመራ ቴክሳስ አንድ ያርድ ላይ ደረሰ፤ መጀመሪያ መሃል ላይ ሮጦ ምንም አላገኘም፣ ቀጥሎ ለኩዊንትሬቪዮን ዊዝነር ቶስ ሰጥቶ ሰባት ያርድ አጣ። ጉዳቱ ከሰባቱ ያርድ ይበልጣል። ከስምንት ያርድ ላይ ተከላካዩ ሩጫን አይፈራም፤ የዳሩ ሰው በሙሉ ኃይሉ ወደ ኳርተርባኩ ይመጣል። በአራተኛው ዳውን የኦሃዮ ስቴቱ ጃክ ሶየር የቴክሳሱን ኳርተርባክ ኩዊን ዩወርስን መትቶ ኳሷን አስጣለው፣ አንስቶም 83 ያርድ ሮጦ አገባ፤ 28 ለ 14።

አልፎ አልፎ የሚታዩ

ፎልስ ስታርት (ከስናፑ በፊት መንቀሳቀስ)፦ አራተኛና አንድ የነበረው አራተኛና ስድስት ይሆናል። መቶ ሺህ ሰው በሚጮህበት ስታዲየም በድምፅ ሳይሆን በምልክት ስናፕ አድርጉ።

ስድስተኛ የመስመር ሰው፦ በኮሌጅ ከ50 እስከ 79 ያለ ቁጥር የለበሰ ተጫዋች ለዳኛ አስታውቆም ተቀባይ መሆን አይችልም። 70ዎቹን ለብሶ ጫፍ ላይ ከቆመ ተከላካዩ ኳስ እንደማይወረወርለት ያውቃል፤ ቁጥሩን ቀይሩለት።

ከክምሩ በላይ መዝለል፦ ጃንዋሪ 1 ቀን 1979 በሹገር ቦውል የፔን ስቴቱ ማይክ ጉማን በአራተኛ ዳውን ሞክሮ የአላባማው ባሪ ክራውስ ገትቶታል፤ አላባማ 14 ለ 7 አሸነፈ። አየር ላይ ያለ ሰው የሚገፋበት እግር የለውም።

ኳስ መጣል፦ በአራተኛ ዳውን አጥቂው ከጣላት ይዟት ወደፊት መሄድ የሚችለው የጣላት ሰው ብቻ ነው። ሌላው የቡድን አባል ቢያነሳት ጨዋታው እዚያው ያበቃል።

እስከ ሁለተኛው ጨዋታ

ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ በአንድ ሳምንት የሚስተካከለው ይስተካከል። ስፕሊት፣ የስናፕ ቅብብል፣ የውስጥ ክፍተት ሕግ፣ የጥሪ ምርጫ በሦስት የልምምድ ቀን ይታረማሉ፤ በየቀኑ ስምንት ጨዋታ፣ በሙሉ ልብስ፣ ከአንደኛው ተከላካይ ቡድን ጋር። የማይስተካከለው በአንድ ተከላካይ ብቻ ወደኋላ የሚነዳ ሴንተር ነው። እንዲህ ያለ ሴንተር ካላችሁ ስኒኩን ከዝርዝሩ አውጡት፣ ሩጫውን ወደ ጠንካራው ታክል አድርጉ፣ ሴንተሩንም በእያንዳንዱ ጥሪ ከአንዱ ጋርድ ጋር አጣምሩት። ዓመቱን ሙሉ ብቻውን አታቁሙት።