ድረ-ገጹ ቁማር ቤት ሲያስገባ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ዶሜኑና (የገጹ አድራሻ) ሆስቲንጉ (ገጹ የሚቀመጥበት ኪራይ ቦታ) ጊዜያቸው አለማለፉን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ከዚህ በታች ያሉት በዎርድፕረስ (ድረ-ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) የተሰሩ ገጾችን ስጠግን ደጋግመው የገጠሙኝ ናቸው። አብዛኞቹ የተበላሹት ገና ዕቃው፣ ማለትም መልክ የሚሰጠው ቲምና ተጨማሪ ሥራ የሚሠራው ፕለጊን፣ ሲመረጥ ነው።

ምልክት፦ አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነ።
ገጹ ከአንድ ሆስቲንግ ወደ ሌላ ሲዛወር ጽሑፉ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ላቲን1 በሚባለው፣ አማርኛ በማያውቅ የፊደል ኮድ ተከፍቷል። አማርኛ በሚችለው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አዲስ ክፈቱና ከባክአፑ (ከመጠባበቂያ ቅጂው) እንደገና አስገቡ። አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ፊደል ተመልሶ አይመጣም። አዲሱ ላይ ጽሑፉን በዓይናችሁ ሳታነቡ አሮጌውን ሆስቲንግ እንዳትዘጉ።

ምልክት፦ የጽሑፉ ሊንክ መሃል ላይ ተቆረጠ፣ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍም የፐርሰንት ምልክት ክምር ሆነ።
አንድ የአማርኛ ፊደል ሊንክ ውስጥ ሲገባ 9 ቦታ ይይዛል። ዎርድፕረስ ለዚህ የሚሰጠው 200 ነው፤ ስለዚህ 22 ፊደል ገደማ ላይ ይቆርጠዋል። ከማተማችሁ በፊት ሊንኩን በላቲን ፊደል አጠር አድርጋችሁ ጻፉት።

ምልክት፦ ፒኤችፒ (ዎርድፕረስ የተጻፈበት የኮድ ቋንቋ) ወደ 8 ከፍ ሲል ገጹ ነጭ ሆነ።
ያረጀ ፕለጊን ነው። የፕለጊኑን ፎልደር ስም ቀይሩ፣ ገጹ ይመለሳል። ሠሪው ለዓመታት ዞር ብሎ ያላየውን ፕለጊን ማን እንደመረጠው ግን ጠይቁ።

ምልክት፦ «ስልክ ላይ ሲከፈት ቁማር ይመጣል፤ እኔ ጋ ግን ደህና ነው።»

ይህንን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። ባለቤቱ አይዋሽም። ተንኮለኛው ኮድ አድሚን ሆኖ ለገባ ሰው አይታይም፤ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በስልክ ወይም ከጉግል ፍለጋ ለሚመጣ እንግዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአድሚን ውጡ፣ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ፣ ከጉግል ፍለጋ ውጤት ላይ ነክታችሁ ግቡ። አንዴ ካሳያችሁ በኋላ ለቀናት የሚደበቅም አለ፤ ሌላ ስልክ ተዋሱ። ጉግል ላይ የገጹን ስም ብቻ ስትፈልጉ የጃፓንኛ ርዕስ ያላቸው ገጾች ከተደረደሩ ደግሞ ጉዳዩ ከርሟል።

እኔ እንዳየሁት ምክንያቱ ከአሥሩ በዘጠኙ አንድ ነው፦ ከቴሌግራም ቻናል በነጻ የወረደ ክራክ የተደረገ (የክፍያ ቁልፉ የተሰበረ) ቲም። 60 ዶላር ገደማ የሚሸጠውን ዕቃ አንድ የማታውቁት ሰው ከፍቶ፣ የራሱን ኮድ ጨምሮ፣ በዚፕ ጠቅልሎ «ፕሪሚየም» ብሎ ያድላችኋል። ለምን በነጻ እንደሚያድል አንድ ደቂቃ ማሰብ ይከብዳል? የብዙዎቻችን ካርድ ዶላር እንደማይከፍል አውቃለሁ፤ ሠሪው ሁሉ ስስታም ነው አልልም። ግን ከዎርድፕረስ የራሱ ማከማቻ በነጻ የሚወርዱት አስትራ፣ ጄነሬትፕረስና ካደንስ ለአምስት ገጽ የድርጅት ድረ-ገጽ ይተርፋሉ።

በዚህ መንገድ ከተሰራጩት ተንኮለኛ ኮዶች በጣም ከሚታወቁት አንዱ ደብሊውፒ-ቪሲዲ የሚባለው ነው። ቲሙን ስታበሩት ደብሊውፒ-ኢንክሉድስ ፎልደር ውስጥ በስሙ ፋይል ያስቀምጣል፣ የሌሎቹን ቲሞች ፈንክሽንስ ፋይልም ይበክላል። ስለዚህ ቲሙን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ይባስ ብሎ በዚያው ሆስቲንግ አካውንት ስር ወዳሉት ሌሎች ድረ-ገጾች ይሻገራል።

ይቺ የመጨረሻዋ ነገር አራት ቀን በልታብኛለች። የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ገጽ ነው፤ ባለቤቱ ነገሩን ያወቀው ውጭ አገር ያለ ደንበኛ ፎቶ አንስቶ ሲልክለት ነው። አጸዳሁት። ጠዋት ንጹሕ፣ ማታ ቁማር። ሦስት ጊዜ። በአራተኛው ቀን ሲፓነሉን (የሆስቲንጉን መቆጣጠሪያ) ፎልደር በፎልደር ስበረብር «ቴስት2» የሚል አገኘሁ፦ የበፊቱ ሠሪ ሲለማመድበት የተወው፣ ማንም የማያስታውሰው ሌላ ዎርድፕረስ። እኔ ቀን የማጸዳውን እሱ ሌሊት ይበክለዋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። መጀመሪያ ሙሉ ባክአፕ ውሰዱ፤ ጽሑፍና ፎቶ እንዳይጠፋ ነው እንጂ መልሳችሁ ልትጭኑት አይደለም። ከዚያ አካውንቱ ስር ያሉትን ገጾች ሁሉ ቁጠሩ፤ የማይሠራውን ሰርዙ፣ የሚሠራውን በአንድ ቀን አብራችሁ አጽዱ። አዲስ ዎርድፕረስ ከዋናው ቦታ አውርዱ። ደብሊውፒ-አድሚንና ደብሊውፒ-ኢንክሉድስን ሙሉ በሙሉ ሰርዛችሁ አዲሱን አስገቡ። ሰርዛችሁ አልኩ! አዲሱን በአሮጌው ላይ መደረብ በትርፍነት የገባውን ፋይል አይነካውም። ቲምና ፕለጊኖቹንም እንዲሁ፤ «ይቺ ፕለጊን እንኳ ደህና ናት» አይባልም። ፎቶ የሚጫንበት አፕሎድስ ፎልደር ውስጥ የፒኤችፒ ፋይል ካያችሁ ከፍታችሁ መርምሩት፤ እዚያ ምንም ሥራ የለውም ማለት ይቻላል።

የማታውቁትን አድሚን አስወጡ። የሁሉንም ፓስወርድ ቀይሩ፦ የዎርድፕረሱን፣ የዳታቤዙን፣ ፋይል የሚላክበትን የኤፍቲፒውን፣ የሲፓነሉን። ደብሊውፒ-ኮንፊግ የሚባለው የቅንብር ፋይል ውስጥ ያሉትን ሚስጥራዊ ቁልፎችም ለውጡ፤ ያን ጊዜ ገብቶ የተቀመጠው ሁሉ ይባረራል። ዳታቤዙ ራሱም ሊበከል ይችላል፤ ጽሑፎቹ ውስጥ ያላስገባችሁት ስክሪፕት ፈልጉ።

ማጽጃ ፕለጊን ጭኜ «ንጹሕ» አለኝ የሚል ሰው በየወሩ ይደውላል። የተበከለ ገጽ ላይ ተቀምጦ የሚመረምር ፕለጊን ሁሉንም አያይም። ለፍተሻ ተጠቀሙበት፣ ምስክር ግን አታድርጉት።

በመጨረሻ ጉግል ሰርች ኮንሶል (ጉግል ለገጽ ባለቤቶች የከፈተው መከታተያ) ግቡና የባለቤቶቹን ዝርዝር እዩ። አንዱ ደንበኛ ጋ ያላወቅነው ጂሜይል ባለቤት ተብሎ ተመዝግቦ አገኘሁ፤ ሰርጎ የገባው ሰው የማረጋገጫ ፋይል አስቀምጦ ራሱን አስመዝግቧል። ከዝርዝሩ ብቻ አውጥታችሁ ፋይሉን ካልሰረዛችሁት ይመለሳል። ገጹ ሲከፈት የጉግል ቀይ ማስጠንቀቂያ የሚመጣ ከሆነ ግምገማ ጠይቁ። ውጤቱ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ ባለቤቱ እስከዚያ በየሰዓቱ መደወሉ አይቀርም። ስልኩን አንሱለት።