ነፃ ንግድን ስናበረታታ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንደኛ፣ ለነጋዴው ቀረጥ ነገ ይነሳል ብላችሁ አትንገሩት። በአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና መገበያየት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ቢሆንም ቀረጡ የሚነሳው ደረጃ በደረጃ ነው፤ በዕድገት ወደ ኋላ የቀሩ የሚባሉ አገሮች በጥቅሉ 90 በመቶ በሚሆኑት የዕቃ ዓይነቶች ላይ ቀረጡን ለማንሳት 10 ዓመት ተሰጥቷቸዋል። ጥቂት ዕቃዎች ደግሞ ጭራሽ አልገቡበትም። ተጨማሪ እሴት ታክስም የትም አይሄድም። ይህን ሳይሰማ ጉምሩክ የደረሰ አስመጪ የሚረግመው እናንተን ነው።

ሌላው የዕቃውን ስሪት መርሳት ነው። ከቻይና መጥቶ ናይሮቢ ላይ ካርቶኑ ብቻ የተቀየረ ጫማ የኬንያ ጫማ አይሆንም። የስሪት አገር ማረጋገጫ የሌለው ሰው መደበኛውን ቀረጥ ይከፍላል፣ አለቀ።

ትልቁ ስህተት ግን ቀረጥ ቀረጥ እያሉ ሌላውን አለማየት ይመስለኛል። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ውስጥ የጉምሩክ ኅብረት አላቸው፤ በመካከላቸው በቆሎ ያለ ቀረጥ ያልፋል። ሆኖም በመጋቢት 2021 ኬንያ አፍላቶክሲን አለበት ብላ ከሁለቱ አገሮች የሚመጣውን በቆሎ በድንገት ከለከለች፣ የጫኑ መኪኖችም ድንበር ላይ ተገትረው ቀሩ። በቀናት ውስጥ እገዳው ተነስቶ በምትኩ የአስመጪ ምዝገባና የጥራት የምስክር ወረቀት መጣ። ኬንያ ያለ ምክንያት አልተነሳችም፣ አፍላቶክሲን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ነው። ግን ገበሬው ምርቱን የሚያስመረምርበት፣ ውጤቱንም ጎረቤት አገር የሚቀበልለት ላቦራቶሪ ከሌለው ዜሮ ቀረጥ ምን ይፈይድለታል? ስለዚህ ነፃ ንግድ ስትሰብኩ ስለ ላቦራቶሪ፣ ስለ ኬላ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪም አውሩ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ፊርማን እንደ መጨረሻ ማየትም አለ። ናይጄሪያ በ2019 በኒጀር ዋና ከተማ ኒያሜ ላይ የቀጠናውን ስምምነት ፈርማ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላት የየብስ ድንበሯን ለዕቃ ዘጋች። ምክንያቷ የሩዝ ኮንትሮባንድ ነበር፤ የተከፈተው በ2020 መጨረሻ ነው።

በመጨረሻ፣ ሁሉም ይጠቀማል አትበሉ። ርካሽ ዕቃ ሲገባ ገዢው ይደሰታል፣ ያንኑ ዕቃ የሚያመርተው ትንሽ ፋብሪካ ግን ሊዘጋ ይችላል። ይህን ስትደብቁ ሠራተኛው ስለ ነፃ ንግድ የምትሉትን ሁሉ መስማት ያቆማል። ደግሞ መደበቅም አያስፈልግም፤ ስምምነቱ ራሱ ገና ጨቅላ የሆነ ኢንዱስትሪን ለጊዜው መከላከል ይፈቅዳል፣ የትኛው ፋብሪካ ለስንት ዓመት ይከለል የሚለው ላይ ነው መከራከር።