የመኪና ዕቃ ተሰብሮ ሲደርስ፦ ይመለስ፣ ይጠገን ወይስ ካሳ ይጠየቅ?

ከዱባይ፣ ከሻርጃ ወይም ከቻይና የታዘዘ መለዋወጫ ካርቶኑ ተጨፍልቆ ሲደርስ ብዙ ሰው ቶሎ የሚለው «እመልሰዋለሁ» ነው። አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ሲታሰብ ግን መመለስ አብዛኛውን ጊዜ ከምርጫዎቹ ሁሉ ውዱ ነው። ውሳኔውን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ዕቃው ቢከዳ ሰው ይጎዳል ወይ፣ መልሶ ለመላክ ስንት ኪሎ ይቆጠርበታል፣ አቤቱታ የማቅረቢያው ቀንስ አላለፈም ወይ። ቶሎ የሚያልቀው ቀኑ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ቀኑ የሚቆጠረው ከተረከቡበት ነው

በአውሮፕላን ለሚመጣ ጭነት የሚሠራው የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያ፣ ኤምሬትስና ቻይና አባል ናቸው። በስምምነቱ መሠረት በካርጎ የመጣ ዕቃ ጉዳት ካለበት ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ለአየር መንገዱ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ዘመድ በሻንጣ ያመጣው ከሆነ 7 ቀን ብቻ ነው። ካርቶኑ መቼ ተከፈተ የሚለው ቁም ነገር አይደለም። «መካኒኩ ሲመቸው ይገጥመዋል» ተብሎ ሳይከፈት ወር የሚቀመጥ ዕቃ መብቱ እዚያው መጋዘን ውስጥ ያልፍበታል። በባሕር መጥቶ በጅቡቲ የገባ ከሆነ፣ ከውጭ ለማይታይ ጉዳት በተለመደው የባሕር ጭነት ሕግ የሚሰጠው 3 ቀን ነው። ከዚያ በኋላም መጠየቅ ይቻላል፤ ግን ዕቃው ደህና ሆኖ እንደደረሰ ስለሚገመት የማስረዳቱ ሸክም በእርስዎ ላይ ይወድቃል።

የአየር መንገዱ ኃላፊነት ጣሪያ አለው። ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ጣሪያው በኪሎ 26 ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር የዓለም ገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ሲሆን አንዱ ከ1.3 ዶላር በላይ ያወጣል። 4 ኪሎ የሚመዝን የፊት መብራት ቢሰበር ቢበዛ 104 ኤስዲአር፣ ማለትም ወደ 140 ዶላር ገደማ ነው። የኤልኢዲ መብራት ከሆነ ይህ ገንዘብ ግማሹንም ላይሸፍን ይችላል። 40 ኪሎ ካምቢዮ ግን 1040 ኤስዲአር ድረስ ያስጠይቃል። ስለዚህ ቀላልና ውድ ዕቃ ሲሰበር ጉልበትዎን ሻጩ ላይ ያድርጉ፤ ከባድ ብረት ሲሰበር አጓጓዡን መከታተል ዋጋ አለው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያመልጠው ነገር አለ። ዕቃው የመጣው የብዙ ሰው ጭነት አንድ ላይ በሚያሰባስብ የካርጎ ወኪል በኩል ከሆነ፣ በዋናው ኤርዌይ ቢል (የአየር ጭነት ሰነድ) ላይ ተቀባይ ሆኖ የተጻፈው ወኪሉ ነው። አየር መንገዱ የሚያውቀው እሱን ስለሆነ አቤቱታውንም በ14 ቀኑ ውስጥ ማስገባት ያለበት እሱ ነው። በስልክ «ነግሬዋለሁ» ማለት አይበቃም፤ በጽሑፍ ያሳውቁት፣ ያስገባበትንም ቅጂ ይቀበሉ።

ኢንሹራንስ አለ ከተባለ ዓይነቱን ይጠይቁ። ሻጩ በሲአይኤፍ (ማጓጓዣና ኢንሹራንስን ባካተተ) ዋጋ ሲሸጥ እንዲገባ የሚገደደው ዝቅተኛውን ሽፋን፣ «ሲ» የሚባለውን ነው። እሱ ደግሞ መርከብ ሲሰጥም፣ እሳት ሲነሳ ወይም መኪና ሲገለበጥ እንጂ በአያያዝ ጉድለት ለተሰበረ ዕቃ አይከፍልም። «ኤ» የሚባለው ሰፊ ሽፋን ይከፍላል፤ እሱም ቢሆን ማሸጊያው ደካማ ነበር ከተባለ ያመልጣል።

ሲረከቡ

ካርቶኑ ጥግ ላይ ከተጨፈለቀ፣ ዘይት ካረጠበው ወይም ቴፑ በሌላ ቴፕ ላይ ተደርቦ ከተለጠፈ ዝም ብለው አይፈርሙ። በመረከቢያው ወረቀት ላይ «ካርቶኑ በግራ ጥጉ ተጨፍልቋል፣ ይዘቱ አልተፈተሸም» ብለው በእጅዎ ይጻፉ፤ መጋዘኑንም የጉዳት ሪፖርት ይጠይቁ። ቅሬታ ሳይጻፍበት የተፈረመ ወረቀት በኋላ ከሚመጣ ፎቶ ሁሉ ይበልጣል። ከተቻለ ቀረጡ ከመከፈሉ በፊት ዕቃው ይታይ፤ የጉምሩክ አስተላላፊዎ ለፈታሹ እንዲያሳይ ይንገሩት። ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ፣ በኢንሹራንሱና በማጓጓዣው ድምር ላይ ነው፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ይህን ሁሉ ከፍለው መልሰው የሚልኩት ዕቃ ለእርስዎ ሁለት ጊዜ ከስሯል።

ፎቶው በዚህ ቅደም ተከተል ይነሳ፦ የካርቶኑ ስድስቱም ገጽ፣ ቁጥሩ የሚነበብበት መለያ፣ ካርቶኑ ሲከፈት የውስጡ ማሸጊያ፣ ከዚያ ዕቃው ሳይንቀሳቀስ፣ በመጨረሻ የተሰበረው ቦታ ከጎኑ ማስመሪያ ተደርጎ። የውስጡን ማሸጊያ የሚያሳየው ፎቶ ከሁሉም ይበልጣል፤ ጥፋቱ የሻጩ ወይስ የአጓጓዡ መሆኑን የሚለየው እሱ ነው። 5 ኪሎ ብረት በአንድ ንብርብር ስስ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከተገኘ ጥፋቱ የሻጩ ነው። ካርቶኑን አይጣሉ። ዕቃውን ደግሞ «ልክ መሆኑን እንይ» ብላችሁ መኪናው ላይ አታስሩት፤ አንድ የብሎን ጭረት የታየበት ዕቃ «ተገጥሟል» ተብሎ ይመለሳል።

ራዲያተር

ከሚላኩ ዕቃዎች በብዛት የሚጎዳው እሱ ነው፤ ሐሰተኛ ማስደንገጫም ይበዛበታል። ቀጫጭኖቹ የአሉሚኒየም ቅጠሎች መተጣጠፋቸው ብቻ ጉዳት አይባልም። የመዳፍ ስፋት ያህል ቢሆን በቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አንድ በአንድ ቀጥ ይደረጋል። የሚያስመልሰው ከቅጠሎቹ መሃል የሚያልፈው ጠፍጣፋ ቱቦ ሲጎደጉድ ወይም ሲታጠፍ ነው፤ ዛሬ ባያፈስ እንኳ ሙቀትና ግፊት ሲፈራረቅበት እጥፉ ላይ ይሰነጠቃል። የፕላስቲኩ ታንክና አሉሚኒየሙ የሚነካከሱበትን ጠርዝ ዙሪያውን በጣት ይዳስሱ፤ አንድ ጥርስ ከተነሳ ጎማው ቦታውን ለቋል። ካርቶኑ በጥጉ ከወደቀ የቱቦ ማስገቢያው አንገት ሥር ጸጉር የምታክል ስንጥቅ ይፈልጉ።

ለማረጋገጥ ጎሚስታ ቤት በቂ ነው። የታችኛውን አንገት በጎማ ይድፈኑ፣ በላይኛው አየር ያስገቡ፣ ካላማዳሪያ በሚፈተሽበት ገንዳ ውስጥ ይንከሩት፣ 2 ደቂቃ ይጠብቁ። ግፊቱ በራዲያተሩ ክዳን ላይ ከተጻፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 ባር፣ መብለጥ የለበትም። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሚይዝ መቆጣጠሪያ ሳይኖር በቀጥታ ከተለቀቀ ደህናውን ታንክ ያፈነዳዋል፤ ያኔ ካሳው ቀርቶ ዕቃውም ይሄዳል። መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ የካምቢዮ ዘይት የሚገባባቸውን ሁለት የብረት አፎች አይደፍኑ፤ ከእነሱ አረፋ ከወጣ የውስጡ የዘይት ማቀዝቀዣ ተበስቷል። ያ ራዲያተር ቢገጠም ውኃና ዘይት ተቀላቅለው ካምቢዮውን ያቃጥሉታል። ሳይከራከሩ ይመልሱት፤ ወይም ሙሉ ዋጋውን ይጠይቁ።

ሾክ አብዞርበር፣ ፍሬን፣ መሪ

በእነዚህ ላይ ጥገና የሚባል ነገር የለም። ቅናሽም ተቀብሎ መግጠም የለም።

አዲስ ሾክ ግን ከሳጥኑ ወጥቶ ሲጫኑት የሞተ ሊመስል ይችላል። ተኝቶ ስለተጓዘ ጋዝና ዘይቱ ተቀላቅለዋል። አቁመው ቀስ ብለው ከ4 እስከ 5 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይጫኑና ይልቀቁ፤ ከዚያ ይፍረዱ። የጋዝ ሾክ ተጭኖ ሲለቀቅ በራሱ መመለስ አለበት፤ ጥንዱ እኩል ካልተመለሰ አንዱ ጋዙን አጥቷል። በሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ ጥፍርዎን ሲያስኬዱ የሚይዝ ጭረት ካለ ማኅተሙን በጥቂት ሳምንት ይቀደዋል። ሲሊንደሩ ከጎደጎደ ይመለስ።

የፍሬን ዲስክ ላይ ያለው ቅባትና ስስ ዝገት ከፋብሪካ መከላከያ ወይም ከእርጥበት የመጣ ነው፤ በቤንዚን ወይም በፍሬን ማጽጃ ይታጠባል። የሚያሰጋው መውደቁ ነው። ዲስኩን በመሃል ቀዳዳው በገመድ አንጠልጥለው በትንሽ መዶሻ መታ ያድርጉት፤ ረጅም ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ «ድብ» ካለ ተሰንጥቋል። የዲስኩን መወላገድ በዳያል ጌጅ መለካት የሚችል ጋራዥ ካለ ለአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ወሰኑ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የጎማ ኩሽኔታ ሲዞር በጣት ከተነካከሰ ወድቋል። የኤቢኤስ (ጎማ በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) መግነጢስ ያለው ጎኑ ከተጫረ ደግሞ ዳሽቦርድ ላይ መብራት ይበራል። በሰሚያሴ (ኃይሉን ከካምቢዮ ወደ ጎማ በሚያደርሰው ዘንግ) ላይ የጎማ ሽፋኑ መቆረጡን፣ የጫፉ ጥርስ መጨፍለቁን ይመልከቱ፤ ዳዶው በእጅ ብቻ እስከ ሥሩ መግባት አለበት።

መብራት፣ ባምፐርና ላሜራ

ድርድር የሚያዋጣው እዚህ ነው። የመብራቱ መስታወት ከተሰነጠቀ ውኃ ይገባል፤ ያ መብራት ሞቷል። የተሰበረው ማሰሪያ ጆሮ ብቻ ከሆነ ግን ዋጋውን በግማሽ አስቀንሶ ማስቀረት ይሻላል። ለብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ፋብሪካው ራሱ ተተኪ ጆሮ ለብቻው ያቀርባል። ጀርባው ላይ ፒፒ የሚል ምልክት ካለ በተራ ማጣበቂያ አይያዝም፤ በሙቀት ብየዳ ይጠገናል። በነገራችን ላይ ከጃፓን የወጣ ያገለገለ መብራት ሳይሰበርም ለእኛ አይሆንም፤ በመንገዱ ግራ ለሚነዱ የተሠራ ስለሆነ ጨረሩን ወደ መጪው ሹፌር ዓይን ይወረውራል። ይህ የትራንስፖርት ጉዳት ሳይሆን የትእዛዝ ስሕተት ነው፤ ከሻጩ ጋር ሲነጋገሩ አያደባልቁት።

ተጣጥፎ የመጣ ያልተቀባ ባምፐር በፈላ ውኃ ወይም በሙቅ አየር ይመለሳል። ፓራፋንጎና ኮፈን ላይ መሃሉ የጎደጎደ ባትላሜራው ያወጣዋል፤ ጠርዙ ወይም የመታሰሪያ ቀዳዳው የታጠፈ ግን ቢቀናም ክፍተቱ ከበሩ ጋር እኩል አይሆንም።

ያገለገለ ሞተር ከመጣ መጀመሪያ ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) ይዩ። ከታች ከተመታ ወለሉ ወደ ዘይት መምጠጫው ተጠግቶ መንገዱን ይዘጋል፤ ሞተሩ ሲነሳ ዘይት አጥሮት ብሮንዚኑን (ዘንጉ የሚዞርበትን መሸፈኛ) ይበላል። ኮፓ መቀየር ርካሽ ስለሆነ ሞተሩን ለዚህ አይመልሱ፤ የኮፓውን ዋጋ ያስከፍሉ። የተሰበረ ሴንሰርም እንደዚሁ።

የመመለሻው ሒሳብ

የአየር ካርጎ የሚያስከፍለው ከሚዛኑና ከመጠኑ በሚበልጠው ነው። የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ6000 ያካፍሉ፤ ፈጣን መልእክት አድራሾች የሚያካፍሉት ለ5000 ነው። 165 በ55 በ35 የሆነ የባምፐር ካርቶን 6 ኪሎ ቢመዝንም ለካርጎ 53 ኪሎ፣ ለፈጣን መልእክት 64 ኪሎ ይቆጠራል። ባምፐር አይመለስም ማለት ነው። 80 በ55 በ15 የራዲያተር ካርቶን 11 ኪሎ ይሆናል። ሾክ በሚዛኑ፣ 4 ወይም 5 ኪሎ ስለሚሄድ ከሁሉም ለመመለስ ይቀላል።

በዚህ ላይ የመውጫ ዲክላራሲዮንና የአስተላላፊ ክፍያ ይጨምሩ። ተተኪው ሲመጣም ለጉምሩክ አዲስ ጭነት ነው፤ «ምትክ ስለሆነ ነጻ ይገባል» ብለው ሳይጠይቁ አይገምቱ። ድምሩ ከዕቃው ዋጋ ሲሶ ካለፈ መመለሱን ይተዉትና ገንዘብ ይደራደሩ።

ድርድሩ ላይ «ተሰብሮብኛል፣ ምን ይሻላል?» ብለው አይጻፉ። ፎቶዎቹን፣ የጋራዡን ፕሮፎርማና አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር ይላኩ፦ «የግራው ጆሮ ተሰብሯል፣ ጥገናው ይህን ያህል ያወጣል፣ ይህን ያህል ዶላር ይመለስልኝ፤ ካልሆነ በእናንተ ወጪ ልመልስ።» የመመለሻውን ወጪ የሚያውቅ ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ ቅናሹን ይመርጣል። ሙሉ ዋጋ ለመመለስ ተስማምቶ ዕቃው እንዲወገድ ከጠየቀም ሲቆረጥ በቪዲዮ ቀርጸው ይላኩለት፤ የተሰነጠቀ ዲስክ ሳይቆረጥ ከተጣለ ዞሮ የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ይሸጣል።

ከሶማሌ ተራ ገዝተው በአውቶቡስ ወደ ክፍለ ሀገር የሚያስልኩ ሰዎች ነገሩ ይለያቸዋል። ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም ስላለ፣ ዕቃው ሱቁ ውስጥ ደህና እንደነበር የሚያሳይ ቪዲዮ ከመታሸጉ በፊት ይቀረጽ፤ መብራትና ራዲያተርም ከሻንጣ ሥር ሳይሆን ከላይ እንዲጫኑ ለረዳቱ ይነገር።

መመለሱ ከተቆረጠ ዘይት ያለበት ሁሉ ተንጠፍጥፎ ይድረቅ፤ ዘይት የሚያንጠባጥብ ካርቶን ካርጎው አይቀበልም። ኤርባግ በቁጥር ዩኤን 3268 የተመዘገበ አደገኛ ጭነት ስለሆነ ያለ ልዩ ሰነድ አውሮፕላን ላይ አይወጣም፤ በተራ ዕቃ ስም አሽጎ መላክ ወንጀል ነው። ከሻጩ የመመለሻ ስምምነቱን በጽሑፍ፣ ማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል ተጠቅሶ ያግኙ፤ ከዚያ በፊት ካርቶኑን አያሽጉ።