«አዳኝ ነኝ» ከማለታችሁ በፊት፦ ስለ ኤዲኤችዲ እና ዝግመተ ለውጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ቅዳሜ ሽሮ ልሠራ ቁሌት ጣድኩ። ሽንኩርቱ እስኪበስል ብዬ ስልኬን አነሳሁ። የመብራት አለመክፈሌ ትዝ አለኝ፣ ልከፍል ስገባ የይለፍ ቃሉ ጠፋኝ፣ የጻፍኩበትን ደብተር ፍለጋ መሳቢያ ከፈትኩ፣ መሳቢያው ውስጥ የድሮ ፎቶዎች አገኘሁና ቁጭ ብዬ በዓመተ ምሕረት መደርደር ጀመርኩ። ጭሱ ነው የቀሰቀሰኝ። ድስቱ እስካሁን እንደተዘፈዘፈ ነው። መብራቱም አልተከፈለም።

ኤዲኤችዲ (ትኩረት መያዝ የሚያስቸግርበት፣ መቅበጥበጥና መቸኮል የሚያበዛ የአእምሮ ሁኔታ) እንዳለብኝ የተነገረኝ ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ ነው። ልጅ እያለሁ ስሙ «ቀልበ ቢስ» ነበር። ስለዚህ «ይሄ በሽታ አይደለም፣ ከጥንት አዳኞች የወረስነው ሌላ ዓይነት አእምሮ ነው» የሚለውን ሐሳብ መጀመሪያ ሳነብ እንባዬ መጣ። (አዳኝ ስል ከአደን ነው፣ ከማዳን አይደለም። እኔ ቁሌትም አላዳንኩ።) ሐሳቡን ዛሬም እወደዋለሁ። ግን ስናወራው የምንሳሳታቸው ነገሮች አሉ። እኔ አንድም አልቀረኝም።

ታሪኩን እንደተረጋገጠ ነገር መያዝ

«አዳኝ እና ገበሬ» የሚለውን ንጽጽር (ኤዲኤችዲ ያለበት የአዳኝ፣ ሌላው የገበሬ አእምሮ አለው የሚለውን) በ1990ዎቹ ያስፋፋው ቶም ሃርትማን የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ ነው። ማነጻጸሪያ እንጂ የምርምር ውጤት አልነበረም። ደግሞ አደንን እስቲ አስቡት። ዱካ ይዞ ግማሽ ቀን መሄድ፣ አድፍጦ ሳይንቀሳቀሱ መጠበቅ። እኔ ብሆን ሚዳቋዋ ሳትመጣ ስለ ጉንዳኖቹ ማሰብ ጀምሬ ቅርንጫፍ ሰብሬ አባርራታለሁ።

ለእኔ የበለጠ የሚያሳምነው ለቀማው ነው። በ2024 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 457 ሰዎችን በስክሪን ላይ ፍሬ አስለቀመ። ከአንድ ቁጥቋጦ በለቀምክ ቁጥር ፍሬው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ወደ ሌላው ለመሄድ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። በመጠይቁ የኤዲኤችዲ ምልክት የታየባቸው ሰዎች ቁጥቋጦውን ቶሎ ይተዋሉ፣ በድምሩ ግን የበለጠ ለቀሙ። ደስ ይላል። ግን ጨዋታ ነው፤ እባብ የለበትም፣ ረሃብ የለበትም። ተጫዋቾቹም የሞሉት መጠይቅ እንጂ ሐኪም ያያቸው አይደሉም።

ሁሉንም አንድ ጂን ላይ ማንጠልጠል

ይሄኛው ጎረቤት አገር ነው። ከሞያሌ ወደ ደቡብ፣ ሰሜን ኬንያ ማርሳቢት አካባቢ አሪያል የሚባሉ አርብቶ አደሮች አሉ። ገሚሱ ዛሬም ከከብቱ ጋር ይዞራል፣ ገሚሱ ሰፍሯል። በ2008 የወጣ ጥናት ዲአርዲ4 የተባለውን ጂን አየ። ጂኑ ዶፓሚን ከሚባለው የአንጎል ኬሚካል ጋር የሚያያዝ ነው። ከኤዲኤችዲ ጋር ይያያዛል ሲባል የቆየውን አንዱን ዓይነቱን የያዙ ወንዶች በሚዘዋወሩት መካከል ከሌሎቹ የተሻለ ሰውነት ነበራቸው፤ በሰፈሩት መካከል ደግሞ የባሰ የከሱት እነሱ ነበሩ።

ይሄን ሳነብ «ይኸው! ዘላን ነኝ!» ብዬ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ልብ ያላልኩት ነገር፣ ጥናቱ ማንንም ለኤዲኤችዲ አልመረመረም። የለካው የሰውነት ክብደትን ነው። ከዚያ ወዲህ ከ38,000 በላይ ኤዲኤችዲ ያለባቸው ሰዎች የተካተቱበት የ2023 ጥናት በዘረመላችን ላይ 27 ቦታዎችን አገኘ። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ነው የሚገፋው። ያ ዝነኛ ጂን ከመካከላቸው የለም። በዘር መውረሱ ግን አያጠያይቅም፤ የመንትዮች ጥናት ከቁመት ብዙ ያላነሰ መሆኑን ያሳያል።

ድሮ ጠቅሞ ከሆነ ዛሬ አይጎዳም ብሎ ማሰብ

እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ ይሄ ነው። «በሽታ ካልሆነማ መድኃኒት ለምን?» ብዬ ኪኒኔን ለሦስት ወር አቆምኩ። የሦስቱ ወር ሂሳብ፦ ሁለት የኪራይ ቅጣት፣ አንድ ያመለጠ አውሮፕላን፣ በቆመ መኪና የተፋቀ የመኪናዬ ጎን፣ እና አንድ ወር ያኮረፈችኝ እህት።

የተፈጥሮ ምርጫ ስለ ደስታችን ደንታ የለውም። ለእሱ «ጠቀመ» ማለት ልጅ ወልዶ ማሳደግ ያስቻለ ማለት ነው፣ አለቀ። ስብና ጣፋጭ መውደዳችን በረሃብ ዘመን ነፍስ አቆይቶልናል። ታዲያ ስኳር ያለበትን ሰው «የአባቶችህ ውርስ ነው» ብለን መርፌውን እናስጥለዋለን? አንድ ባሕርይ ከየት መጣ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ፣ እዚህ፣ እኔን ይጎዳኛል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን መልስ ለሁለተኛው ማስገባት ቀላል ነው፣ በተለይ ኪኒን መዋጥ ለሰለቸው ሰው።

ጉዳቱ ደግሞ የተቃጠለ ድስት ብቻ አይደለም። ዴንማርክ ውስጥ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የተከታተለና በ2015 የወጣ ጥናት፣ ኤዲኤችዲ ያለባቸው የመሞት ዕድላቸው ከሌላው እጥፍ ገደማ እንደሆነ አሳየ፤ ዋናው ምክንያት አደጋ ነው። በአሜሪካ በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እነዚሁ ሰዎች መድኃኒት በወሰዱባቸው ወራት ለሆስፒታል የሚዳርግ የመኪና አደጋቸው መቀነሱን አገኘ፤ ወንዶቹ ላይ በ38 በመቶ፣ ሴቶቹ ላይ በ42 በመቶ።

አካባቢውን ረስቶ ልጁን ብቻ መክሰስ

በሌላ በኩል የሚስቱትም አሉ፣ «ዝግመተ ለውጥ ምናምን ተረት ነው፣ ልጁ ነው የተበላሸው» የሚሉ። በአሜሪካ ትምህርት መጀመሪያ ዕድሜው በሴፕቴምበር 1 በሚቆረጥባቸው ግዛቶች በኦገስት የተወለዱ ልጆች በሴፕቴምበር ከተወለዱት ይልቅ ኤዲኤችዲ አለባችሁ የመባል ዕድላቸው በ34 በመቶ ይበልጣል። የኦገስት ልጅ አንጎል የተለየ ሆኖ አይደለም። ከክፍሉ ታናሽ ስለሆነ፣ ያው የልጅ መቅበጥበጡ ከትልልቆቹ መካከል ጎልቶ ስለሚታይ ነው። ስድሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ለሰዓታት ቁጭ ማለት ያቃተውን ልጅ «ቀዥቃዣ» ብሎ በኩርኩም ማለት ከመጀመራችን በፊት የተቀመጠበትን አግዳሚ ወንበር ማየት አይከፋም።

«ሁላችንም እኮ ትንሽ ትንሽ አለብን»

የለብንም። ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት መጀመር፣ ቢያንስ ሁለት ቦታ (ቤትና ሥራ፣ ቤትና ትምህርት ቤት) መታየት፣ ኑሮን ማወክም አለባቸው። ቁልፍ የሚረሳ ሁሉ አይገባበትም።

በራስ መላ መታከም

«ጫት ስቅም ብቻ ነው ቀልቤ የሚሰበሰበው» የሚሉኝ ሰዎች ቁጥር አይነገርም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ለኤዲኤችዲ መድኃኒትነት ከሚውለው አምፌታሚን ጋር ዘመድ ስለሆነ ትኩረት መስጠቱ አይገርምም። ግን ስንት እንደወሰድክ አታውቅም፣ እንቅልፍህን ይወስዳል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ የባሰ ዝንጉ ነው። ሐኪም ጋ መሄዱ ይሻላል።

ለእናቴ የነገርኳት አምና ነው። ብዙም አልገረማትም። «አባትህስ ያው አልነበር? መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቤቱን ያምስ የለ?» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ «ግን በሽታ ነው አይደለም?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ እሱ እንኳን እንዴት እንደምታዪው ነው። አሪያል የሚባሉ ሰዎች አሉ፣ ከሞያሌ ወረድ ብሎ…»

«ተወው እሱን። ኪኒንህን ውጠሃል?»

አልዋጥኩም ነበር።